ወይ ሙሉት፣ ወይ አውርዱት

መቼም ከተማችን ፋሽን አያልቅባትም። አንድ ሰሞን ግድግዳውን በቀርከሃ ያለበሰው ምግብ ቤት ሁሉ አሁን ደግሞ ሰዓት መስቀል ይዟል። የድሮ ሰዓት ነው ታዲያ፤ በቁልፍ የሚሞላ፣ የእንጨት ሣጥን ያለው፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ክብ ነሐስ የተንጠለጠለበት፣ የአባቶቻችን ሰዓት። ካፌው ጋ አለ፣ ሎጁ ጋ አለ፣ ከአሜሪካ ተመልሶ ቤት የሠራው ወንድማችን ሳሎን ውስጥም አለ። ባለፈው ወር ከአንድ ወዳጄ ጋር ምሳ ልንበላ በገባንበት የቦሌ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ 11 ቆጠርኩ። ከ11ዱ አንድም የሚሠራ የለም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ያማረው ሰው ከ11 ሰዓቶች ሥር ተቀምጦ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል።

ከፊቴ የተሰቀለውን በተለይ ወደድኩት። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ብድግ ብዬ ልሞላው ስል አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እሱ ዲኮር ነው።»

«ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ግን እንዳይጀምር።»

እንዳይጀምር! ሰዓት እንዳይጀምር ዘብ የሚቆምበት ዘመን ላይ ደረስን ማለት ነው። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ኋላ እንደነገረችኝ ከዚህ ቀደም አንድ ደንበኛ ሞልቶት ኖሮ በየሰዓቱ እየደወለ እንግዶቹን ስላስደነገጠ ባለቤቱ ክፉኛ ተቆጥተዋል።

ክርክሬ እንግዲህ ከባለቤቱና ከመሰሎቻቸው ጋር ነው። የድሮ ሰዓት መሰብሰብን አልቃወምም፤ እንዲያውም ሰብሳቢውን ያብዛልን። የሚያቃጥለኝ ሰዓትን ገድሎ መስቀል ነው። አቋሜም አጭር ነው፤ የሚሞላ ሰዓት ያለው ሰው ወይ ይሙላው፣ ወይ ያውርደውና ለሚሞላው ይስጠው።

ወዳጄ ምሳው እንዳይበላሽበት ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ሞከረ። «ፈረንጆች እኮ የቆመ ሰዓትም ቢሆን በቀን ሁለት ጊዜ ልክ ነው ይላሉ» አለኝ። እኛ አገርማ አራት ጊዜ ነው አልኩት፤ ሁለቴ በሐበሻ፣ ሁለቴ በፈረንጅ። የስድስት ሰዓት ልዩነት ይዘን እየኖርን የቆመ ሰዓት እንደኛ የሚመቸው ሕዝብ ከየት ይገኛል?

ደግሞ ልብ ብዬ ሳይ ከ11ዱ ሰባቱ የቆሙት ዐሥር ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው። አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። የሰዓት ነጋዴዎች በማስታወቂያ ላይ ሰዓታቸውን የሚያቆሙት እዚያ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ወደ ላይ ተዘርግተው ፈገግ ያለ ፊት ይመስላሉ፣ የፋብሪካውንም ስም አይሸፍኑም። የዲኮር ባለሙያው ይህንን ከመጽሔት ላይ አይቶ በጣቱ እየገፋ አስተካክሏቸዋል። የሚደውል የድሮ ሰዓት ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲገፋ ውስጡ ሊሰበር እንደሚችል የነገረው የለም።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ የዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ከተማሪዎቼ ጋር አነብ ነበር። እዚያ ውስጥ ሚስ ሃቪሻም የምትባል ሴት አለች። በሠርጓ ዕለት፣ ለመዳር ስትለብስ ሳለ፣ ሙሽራው እንደከዳት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። ጊዜው ለዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። የቤቱን ሰዓቶች ሁሉ እዚያው ላይ አቁማ፣ የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ አረጀች። ተማሪዎቼ «እብድ ናት» ይሏት ነበር። ትሁን፤ ግን ሰዓቱን ያቆመችበትን ምክንያት ታውቃለች። የኛዎቹን ዐሥር ከዐሥር ላይ ማን ከዳቸው?

ሰዓቶቹ እዚያ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደደረሱ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት ያርፋሉ። የእናት ዓይን ደክሞ የቁልፉ ቀዳዳ አይታያቸውም። ሰዓቱ ይቆማል። ልጆቹ «ምን ያደርጋል፣ ስልክ አለ አይደል?» ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት በሰፈሩ «ቆራሌው!» የሚል ያልፋል፣ ወይም ልዋጭ ይመጣል፤ ሰዓቱ በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል። ከዚያ መርካቶ፣ ከመርካቶ ደግሞ አንቲክ ቤት። በየፌርማታው አንድ ነገር ይጎድልበታል። ቁልፉ ይጠፋል፤ ተንጠልጣዩ ይወልቃል፤ ዕድሉ የጠመመበትማ የውስጥ ነሐሱ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጥና ሣጥኑ ብቻ ይቀራል። ባዶ ሣጥን ደግሞ ለዲኮር ችግር የለበትም፣ ማን ከፍቶ ያያል?

ከዚህም የባሰ አለ። ደኅናው ማሽን ሆዱ ተዘርግፎ በአንዲት ባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ሞተር ይገባለታል። ተንጠልጣዩ ለታይታ ይወዛወዛል፤ ከሰዓቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህንን የሠራው ሰው «አድሼዋለሁ» ይላችኋል፣ ሂሳብም ይጠይቃችኋል። ይህ እድሳት ከሆነ ክራር ውስጥ ሬዲዮ መክተትም እድሳት ነው።

(ከቻይና የሚመጡት፣ «ለንደን» ወይም «ፓሪስ» ተብሎ ከሥሩ አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓመት የታተመባቸው የባትሪ ሰዓቶች ማንንም አልበደሉም። ሲወለዱም ጌጥ ሆነው ነው የተወለዱት። ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም።)

የሚሞላ ሰዓት በቤታችን ምን እንደነበር የዘነጋ ካለ ላስታውሰው። ሰዓት ከመምጣቱ በፊት አገራችን ጊዜ አትቆጥርም ነበር ማለቴ አይደለም። ሊቃውንቱ የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው ይሰፍሩ ነበር፤ በዚህ ወር ጥላህ ይህን ያህል እግር ሲሆን ይህን ያህል ሰዓት ነው የሚል ቁጥር በብራና ጽፈው አቆይተውልናል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሱት ጸሎት ስሙ ራሱ «ሰዓታት» ነው። የግድግዳ ሰዓት ከተማ ገብቶ ከመምህሩና ከጸሐፊው ሳሎን ሲደርስ ታዲያ ከሬዲዮው ጎን የክብር ቦታ ያዘ። ቁልፉ የአባት ነበር። እኛ ቤት የሚሞላው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። አባቴ ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ አንዱን ቀዳዳ ለመሄጃው፣ ሌላውን ለደወሉ ይጠመዝዛሉ፣ ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር ጠብቀው ያስተካክላሉ። እኛ ልጆቹ መንካት ቀርቶ ጠጋ ካልንም ቁንጥጫ አለ።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። በደርግ ዘመን የግድግዳው ሰዓት ከዕቃነት አለፈ። ታላቅ ወንድም ገና ሳይገባ ቆጣሪው ወደዚያች ሰዓት ሲጠጋ የእናት ዓይን የት ላይ እንደነበር በዚያ ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እራት ቀርቦ የሚናገር የለም፣ «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ይሰማል። በሩ ሲንኳኳ እናቴ በመጀመሪያ የሚያዩት በሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር። ልጅ ይሁን ሌላ ሰው የሚለዩት በሱ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሥሩ በርገር የሚበላበት ያ ሰዓት ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ከነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ አለመሞታቸው ነው። ነገሩ ጥንቆላ የለበትም። ውስጡ የተጠቀለለ ብረት፣ ሞላ፣ አለ፤ ቁልፉ ይጠብቀዋል፣ እሱ ደግሞ ሊፈታ ይታገላል። ጉልበቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየተላለፈ መጨረሻ ላይ መልሕቅ የመሰለች ትንሽ ብረት ዘንድ ይደርሳል። እሷ አንድ ጥርስ ትይዛለች፣ አንድ ትለቃለች፤ «ቀጭ» የምትለው እሷ ናት። መቼ እንደምትለቅ የሚያዛት ተንጠልጣዩ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣዩን ከሰዓት ጋር ባገናኘው ጊዜ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይሳሳት የነበረው ሰዓት ስሕተቱ ወደ ሩብ ደቂቃ ገደማ ወረደ። ተንጠልጣዩ ሲያጥር ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረባችሁ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ጠምዝዛችሁ ትንሽ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ።

አብዛኛው የግድግዳ ሰዓት አንዴ ከተሞላ ስምንት ቀን ይሄዳል። ቆመ ተብሎ ከተጣለው ውስጥ ስንቱ ተጣሞ ከመሰቀሉ በቀር ምንም እንዳልሆነ ብታውቁ ትገረማላችሁ። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉና ስሙት። አንዱ «ቀጭ» ረዝሞ ሌላው አጥሮ እንደ አንካሳ የሚራመድ ከሆነ ሣጥኑን በጣት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ገፋ ማድረግ ነው፤ ምቱ እኩል ሲሆን ይሄዳል። ይህ ካልረዳው ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል ማለት ነው። ሰዓት ሠሪ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በየመዞሪያው በመርፌ ጫፍ ዘይት ጠብ አድርጎለት ይመልሰዋል። ይህንን በየጥቂት ዓመቱ መድገም ነው። መኪናችን ዘይት እንደሚቀየርለት እናውቃለን አይደል?

የተማሩት ተከራካሪዎቼ ወፍራም ማስረጃ አላቸው። «ሙዚየምም እኮ ሰዓት ያቆማል» ይላሉ። እውነት ነው። ለንደን፣ ግሪንዊች፣ የጆን ሃሪሰን የባሕር ሰዓቶች አሉ። መርከበኞች ባሕር ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንደደረሱ ማወቂያ ሲያጡ፣ በ1761 እ.ኤ.አ. ወደ ጃማይካ በተላከች ጊዜ ፈተናውን ያለፈችው አራተኛዋ ሰዓት ሆን ተብሎ ቆማለች። የምትሠራው በዘይት ስለሆነ በሠራች ቁጥር ትበላለች፤ ብትበላ ደግሞ የምትተካ አይደለችም። ሦስቱ ታላላቆቿ ግን እዚያው አጠገቧ እየተሞሉ ይሠራሉ፤ ይህችን ተከራካሪዎቼ አይነግሯችሁም። በዚያው አገር በሳልዝበሪ ካቴድራል ከ1386 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት ሰዓት አለ። ፊት የለው፣ ቆጣሪ የለው፤ ደወል እንዲመታ ብቻ የተሠራ የብረት አጥር የመሰለ ነገር ነው። የኛ ዲኮር ባለሙያ በነፃ ቢሰጡት አይሰቅለውም። እንግሊዞቹ ግን በ1956 ጠግነው እንደገና እንዲዞር አድርገውታል። የቦሌው ምግብ ቤት የሃሪሰንን ሰዓት ነው የሰቀልኩት ካለ ይንገረኝና ዝም እላለሁ። በፋብሪካ በብዙ ሺህ የተመረተን የጀርመን ግድግዳ ሰዓት ግን «እንዳያልቅ» ብሎ ማቆም ጫማን እንዳያልቅ ብሎ በባዶ እግር እንደመሄድ ነው።

«ድምፁ ይረብሻል» ለሚሉት መልስ የለኝም። ምክንያቱም የጠየቅኩት ሰው ሲመልስልኝ ከስፒከሩ በሚወጣው ሙዚቃ የተነሣ አልሰማሁትም።

«ቢያንስ ከመቅለጥ አድነነዋል» የሚሉት ግን እውነት አላቸው፤ ይህንን አልክድም። ገዥ ባይኖር ያ ነሐስ ዛሬ የቧንቧ ራስ ሆኖ ነበር። እሺ፣ አድናችኋል። ከወንዝ ያወጣችሁትን ሰው ታዲያ ዳር ላይ አጋድማችሁት ፎቶ ትነሣላችሁ?

ለሰብሳቢዎች ሌላም ነገር አለኝ። ቁጥራቸው በጨለማ የሚያበራ የድሮ መቀስቀሻ ሰዓቶች አሉ፤ እነሱን መስተዋት ከፍታችሁ አትፈግፍጉ። ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ይችላል። ማብራቱን ስላቆመ ራዲየሙ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ግማሹ ለመጥፋት 1600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ያንን ቀለም በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ስንቶቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ ሞተዋል። በኒው ጀርሲ አምስቱ ከሰው በ1928 እ.ኤ.አ. ካሣ ያገኙት ከታመሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

የሚያውቅ ሰው ማን ቀረና ነው ታዲያ?

በ1969 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የጃፓኑ ሴይኮ በባትሪ የሚሠራውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጣ የስዊዞች የሰዓት መንደሮች እንኳ ተናግተው ብዙ ዐሥር ሺህ ሠራተኛ በትነዋል። እኛ ጋ ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ፒያሳ ላይ በየደረጃው ሥርና በየሱቁ መስኮት አንድ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር የሰኩ፣ ወረንጦ የያዙ፣ ከፊታቸው በብርጭቆ የተከደነ የሰው ሰዓት ያስቀመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ሞባይሉ የመጨረሻዎቹን ደንበኞቻቸውን ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ የቀሩትም ተበተኑ።

አንድ ከነሱ አውቃለሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ አሁን በልጃቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚሠሩት። አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አላቸው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሰዎች ለጥገና ሰጥተው ያልተመለሱባቸው ሰዓቶች ናቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት አለች፣ ስምና ቀን። የአንዷ ቀን 1994 ዓ.ም. ይላል። ሰኞ ሰኞ ሁሉንም ይሞሏቸዋል። ለምን ይደክማሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሳይሠራ ሲቀመጥ ይረጋል። ባለቤቱ ቢመጣ ምን ልለው ነው?»

ደቀ መዝሙር የላቸውም። «ባትሪ መቀየር ማንም ይችላል፤ ለዚህ ማን ቁጭ ይላል?» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ከሰብሳቢዎቹ ጋር የምጣላው። ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ያ የቦሌ ቤት ለእያንዳንዱ የቆመ ሰዓት ከበላዩ ትንሽ መብራት ተክሎለታል፤ መብራቱን የተከለው ኤሌክትሪሺያን ተከፍሎታል፣ ግድግዳውን የቀባው ተከፍሎታል፣ «ድባቡን» የነደፈው ወጣት ከሁሉም በላይ ተከፍሎታል። አንድ ሳንቲም ያልደረሰው ሰዓት ሠሪው ብቻ ነው። ከ11ዱ አንዷን በየዓመቱ ለጥገና ቢሰጡ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ደግሞ ዛሬ በየመንደሩ ናቸው፣ እኚህ ሰው አንድ ልጅ አጠገባቸው ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። አሁን ግን የሰዓቱ ዋጋ በየዓመቱ ይወጣል፣ ሰዓት ማዳን የሚችለው እጅ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። ሰውዬው ሲያልፉ ከተማው በሙሉ ዲኮር ይሆናል፤ መሙላት የፈለገም ቢገኝ የሚያስነሣለት አያገኝም።

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጥሩ የለበሰ የዲኮር ባለሙያ መጣ። መደርደሪያውን እንዳለ በጅምላ ሊገዛ ነው። የሰው አደራ እንደሆነ ነገሩት። «ባለቤቶቹ እኮ ረስተዋቸዋል አባባ» አለ፤ እሳቸው አልመለሱለትም። ሲለምናቸው ግን የራሳቸው የሆነች አንዲት አሮጌ የጀርመን ሰዓት እንዳለች ነግረው ከጥግ አወረዷት።

ይህች ሰዓት የደወሏን ቁጥር የምትቆጥረው ዳር ዳሯ በተቆራረጠ አንድ ክብ ሳህን ነው። ሳህኑ ከቆጣሪው ጋር አልተሳሰረም፣ የራሱን ተራ ብቻ ይጠብቃል። ሌላ አገር ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ደወሉና ቆጣሪው ሊለያዩ ይችላሉና። ሽማግሌው ግን ሆን ብለው በስድስት ሰዓት አለያይተዋቸዋል። ረዥሙን ቆጣሪ ቀስ አድርገው ወደ ፊት አዞሩት። አጭሩ ሰባት ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰዓቷ ተንፈስ ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች። እንደገና አዞሩት፤ ስምንት ላይ ሁለት ጊዜ ደወለች።

«ፊቷ ፈረንጅ ነው» አሉ፣ «አፏ ግን ሐበሻ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንዲህ አድርግልን ይሉኝ ነበር፤ ቤት ያሉት እናቶች ደወሉን ይሰማሉ፣ እነሱ ፊቱን ያያሉ።»

ልጁ ተደንቆ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። አንዴ ደግመው እንዲያዞሩለት ለመናቸው፤ አዞሩለት። ዋጋ ሳይከራከር ገንዘቡን ቆጠረና ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እወስዳታለሁ አባባ፤ በጣም ታምራለች። ድምፁን ብቻ ያወጡልኛል?»

ሽማግሌው የሰዓቷን በር ዘጉ። ቁልፏን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ገንዘቡን በሁለት ጣታቸው ወደ ልጁ መልሰው ገፋ አደረጉት።